«ይሠራል» ካሏችሁ «ማን?» በሉ

ውድ ልጆቼ፣

የጎረቤቴ ልጅ 18 ዓመት ሞላው። ባለፈው የግቢው በር ላይ ጠብቆ ያዘኝና «ጋሼ፣ ማንን ልምረጥ?» አለኝ። የፓርቲዎቹን ማኒፌስቶ በስልኩ እያገላበጠ ነበር። «አነበብኩት እኮ፣ ግን ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚያወሩት።»

ልክ ነው። ለምን አንድ እንደሚመስሉም አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ እየጻፍኩ ነው ጡረታ የወጣሁት።

በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ባለሙያ ነበርኩ። ገና ጀማሪ ሳለሁ «በ2 ዓመት ውስጥ 40 የተበላሹ የእጅ ፓምፖችን እንጠግናለን» ብዬ አቀረብኩ፣ የየመንደሩን ስም ሳይቀር ዘርዝሬ። አለቃዬ ቀይ እስክሪብቶ አንስተው ሰረዙትና «የንጹሕ መጠጥ ውሃ ተደራሽነት ይጎለብታል» ብለው ጻፉበት። ቀና ብለው አዩኝና «ቁጥር ከጻፍክ ቁጥሩ ነገ ይጠይቀናል» አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርቱ ላይ «ተደራሽነቱ ጎልብቷል» ተባለ። ማን ይክዳል? ስንት ፓምፕ እንደሚጠገን ስላልተጻፈ ስንቱ እንደተጠገነ የጠየቀ የለም። በሚቀጥለው ዓመት ቀይ እስክሪብቶው አላስፈለገም። እኔው ራሴ አጎለበትኩት።

አማርኛችን ደግሞ ለዚህ ሥራ ይመቻል። ይጠናከራል፣ ይዘረጋል፣ ይዘምናል፣ ትኩረት ተሰጥቶ ይሠራል። አድራጊው የታል? ግሡ ውስጥ ተደብቋል። ሲጨንቃቸው «የሚመለከተው አካል» ይላሉ። ይህን ሁሉ ዓመት ስሠራ የሚመለከተውን አካል አንድም ቀን በአካል አላገኘሁትም። እና እጩው «ይሠራል» ሲላችሁ «ማን ነው የሚሠራው?» በሉ። «በቅርቡ» ሲላችሁ «ከየትኛው ሐምሌ በፊት?»

ቁጥር ሲሰጧችሁም ቶሎ አትርኩ። «ለዚህን ያህል ወጣት የሥራ ዕድል እንፈጥራለን» ይባላል እንበል። ቋሚ ነው ጊዜያዊ? ሦስት ወር ድንጋይ ሲያነጥፍ ከርሞ ቤቱ የተመለሰውና ፋብሪካ በቋሚነት የተቀጠረችው አንድ ላይ ከተደመሩ ድምሩ ያምራል እንጂ ለእናንተ የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ዋናው ግን ገንዘቡ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፣ ሙያዬ ስለሆነ አላልፈውም። ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ቀበሌያችሁ መጥቶ ጤና ኬላ ቃል ይገባል። ከ547 ወንበሮች አንዱን ነው የሚይዘው። ምክር ቤቱ በሰኔ የሚያጸድቀው የፌዴራሉን በጀት ነው። ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ በምን ቀመር እንደሚከፋፈል የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ወረዳችሁ ደግሞ ክልሉ የሚመድብለትን ይጠብቃል፤ ከዚያችም ብዙው ለደመወዝ ይሄዳል። ታዲያ ሰውዬው ጤና ኬላውን ከየትኛው ኪስ ነው የሚያወጣው? ምናልባት መልስ ይኖረዋል። ካለው ደስ ይላል። ከሌለው ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው። አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለችኝ፣ ማንም አይወዳትም፦ «ይህ እንዲሠራ ምን ይቀነሳል?» ምንም አይቀነስም የሚላችሁ ሰው በጀት አላየም፣ ወይም እናንተ አላያችሁም ብሎ ያስባል።

ተቃዋሚውንም ሳትጠይቁ አትለፉት። «ሥርዓቱን እንለውጣለን» ፖሊሲ አይደለም። ምን ትቶ፣ በምን ተክቶ?

ቁርጥ ያለ ንግግር በአገራችን ጨርሶ ያልታየ ነገር እንዳይመስላችሁ። በ1997ቱ የምርጫ ክርክር ገዢው ፓርቲ ኢሕአዴግ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ይቀጥል ሲል ተቃዋሚው ቅንጅት የግል ይሁን ይል ነበር። ያልተማረው አጎቴ ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሰምቶ፣ የትኛው ለእሱ እንደሚሻል ለይቶ ይከራከረን ነበር። ከምርጫው በኋላ የሆነው ያማል፣ ሌላ ወሬ ነው። ክርክሩ ግን ክርክር ነበር።

ስትጠይቁ በጨዋነት ይሁን። «እርስዎ» እያላችሁ፣ ሰው በተሰበሰበበት። ከተሳደባችሁ ወሬው ስድባችሁ ይሆንና እሱ ያመልጣል። መልሱን ከነቀኑ ጻፉት። ጥያቄ መጠየቅ የሚያስፈራበት ቦታ እንዳለም አልረሳሁም፤ እዚያ ያለ ልጅ ራሱን ይጠብቅ፣ ጀግና ሁን አልለውም።

«ካልሠራ እናወርደዋለን» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ይናገራል። በዕድሜዬ ሲደረግ ግን አላየሁም። ድምፃችሁ የሚከብደው ሳጥኑ ውስጥ ሳይገባ ነው፤ ከገባ በኋላ 5 ዓመት ነው የምትጠብቁት።

የጎረቤቴ ልጅ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። አንድ እጩ ሰፈር መጥተው ስለ ሥራ ዕድል ሲናገሩ እጁን አውጥቶ «ስንት ሰው? በምን ገንዘብ?» ብሏቸው ነበር።

«ምን አሉህ?»

«‹ዝርዝሩ በቀጣይ ይገለጻል› አሉኝ።»

«አንተስ?»

«‹ማን ነው የሚገልጸው?› አልኳቸዋ! ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ስልካቸውን ሰጡኝ።»

«ደወልክ?»

«ሦስት ጊዜ። አያነሱም። ነገም እደውላለሁ።»