የላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ ኦቨርክሎክ ማድረግ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ላፕቶፕ እጠግናለሁ። ሰሞኑን ግራፊክስ ካርድ ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ስለማፍጠን፣ ማለትም ኦቨርክሎክ ስለማድረግ ብዙ ጠይቃችሁኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ።

ኦቨርክሎክ ባደርገው ይቃጠላል እንዴ?

ፍጥነቱን ብቻ ከጨመርክ የመቃጠሉ ዕድል በጣም ትንሽ ነው። ሲበዛበት ጌሙ ይዘጋል ወይም ስክሪኑ ለአፍታ ይጨልማል፤ ከዚያ ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያዘው ፕሮግራም) ራሱ ተመልሶ ይነሳል። እኔን የሚያስፈራኝ ከኢንተርኔት በወረደ ፋይል ባዮስ (ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳውን ውስጠኛ ፕሮግራም) መቀየር ነው። ከተበላሸ ላፕቶፑ ላይነሳ ይችላል። የብዙ ላፕቶፕ ጂፒዩ (የግራፊክስ ቺፑ) ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ስለተበየደ፣ እንደ ዴስክቶፕ ነቅሎ ሌላ መሰካት የለም። እባካችሁ እሱን አትንኩ።

ጂቲኤክስ 1650 ያለው ላፕቶፕ አለኝ። ከየት ልጀምር?

ከሙቀቱ ጀምሪ፣ እህቴ። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባለውን ፕሮግራም ጫኚ። ነጻ ነው፤ በሌላ ኩባንያ ላፕቶፕም ይሠራል። ምንም ሳትነኪ የለመድሽውን ጌም ግማሽ ሰዓት ተጫወችና ዲግሪውን እዪ። ከ80 በታች ከሆነ ቀጥዪ። 85ን ካለፈ ግን ተዪው፤ ካርዱ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ስለሚቀንስ፣ የጨመርሽለትን መልሶ ይጥለዋል።

ኮር ክሎኩን (የቺፑን ፍጥነት) በ25 ሜጋኸርዝ ጨምሪና ጌሙን 15 ደቂቃ ሞክሪ። ደህና ከሆነ ሌላ 25። ስክሪኑ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚሉ ነጠብጣቦች ካየሽ ወይም ጌሙ ከተዘጋ፣ ከ30 እስከ 40 ወደ ኋላ ተመለሽ። የሜሞሪውን ፍጥነት ከዚያ በኋላ ለብቻው፣ በ100 በ100 ጨምሪ። ዊንዶውስ ሲነሳ አብሮ እንዲጀምር የምታደርገውን ምልክት ለጥቂት ቀን አትጫኛት። እንዲያ ከሆነ ችግር ቢመጣም ሪስታርት ስታደርጊ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ለውጡ ምን ያህል ነው?

ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ። በሰከንድ 50 ፍሬም (ምስል) የነበረው 54 ቢሆን ነው። የሚጨምረው ፍጥነቱ እንጂ መጠኑ ስላልሆነ፣ 4 ጊጋ የነበረው ሜሞሪ 4 ጊጋ ሆኖ ይቀራል።

የኔ 87 ዲግሪ ይደርሳል። ተስፋ የለውም ማለት ነው?

አለው እንጂ! እንዲያውም ትልቁ ለውጥ ያለው እዚህ ነው። በቅርቡ አንድ ልጅ «ኦቨርክሎክ አድርግልኝ» ብሎ ላፕቶፑን አመጣ። ስከፍተው በፋኑና በማቀዝቀዣው ክንፎች መሃል አቧራው እንደ ጨርቅ ተደርቦ ነበር። በወረንጦ ስይዘው ሙሉውን ተላጦ መጣ። ሙቀቱን ከቺፑ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረው ቅባት፣ ቴርማል ፔስቱም ደርቆ ይፈረፈራል። ጠርጌ ፔስቱን ቀየርኩለት። አንድ ሜጋኸርዝ ሳልጨምር ጌሙ ፈጠነለት።

አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ስለዚህ ፋኑ በዚያው ዙር ሲሽከረከር ይዞ የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ቀዝቃዛው አየራችን በከፊል ያካክሰዋል። አቧራ ሲጨመርበት ግን አይቻልም።

ካጸዳህ በኋላ አንደርቮልት አድርገው፤ ማለትም በዚያው ፍጥነት ባነሰ ቮልቴጅ እንዲሠራ። አፍተርበርነር ላይ ኮንትሮልና ኤፍን አንድ ላይ ስትጫን የቮልቴጅ መስመሩ ይከፈታል። ካርድህ 1,700 ሜጋኸርዝ ላይ የሚደርሰው በ0.95 ቮልት ነው እንበል። የ0.85ቱን ነጥብ ወደ 1,700 አንሳ፤ ከሱ በስተቀኝ ያለውን በሙሉ ጠፍጣፋ አድርገው። ፍጥነቱ ያው ነው፤ የሚበላው ኃይል ግን በ20 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ጌም ከዘጋብህ 0.875ን ሞክር። ከኦቨርክሎክ በፊት ይሄን ብታደርጉ ደስ ይለኛል።

ፓወር ሊሚት (ካርዱ የሚወስደው ኃይል ጣሪያ) አልንቀሳቀስ አለኝ፤ ምን ተበላሸ?

ምንም። አብዛኛው የላፕቶፕ አምራች ይቆልፈዋል። የጂቲኤክስ ካርዶች አምራች ኤንቪዲያ በ2015 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የአንዳንድ ላፕቶፕ ካርዶችን ኦቨርክሎክ ጭራሽ በድራይቨር ዘግቶት ነበር። ተጠቃሚው ሲጮህ ብዙም ሳይቆይ መለሰው።

የኔ ኢንቴል ኤችዲ ነው።

እሱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለና የላፕቶፑን ራም የሚጋራ ግራፊክስ ነው፤ ለቀቅ አድርገው። አንድ ራም ብቻ ካለህ ሁለተኛ ጨምር፤ የበለጠ ይጠቅምሃል።

ቻርጀሬ ተበላሽቶ ሌላ ገዛሁ። ችግር አለው?

ዋቱን እይ። የድሮው 180 ዋት ከነበረና አዲሱ 90 ከሆነ፣ ቮልቱና ሶኬቱ ቢገጥምም ካርዱ ይንቀራፈፋል፤ ቻርጀሩም እጅ እስኪያቃጥል ይግላል። በዚያ ላይ ኦቨርክሎክ አታድርግ። በባትሪም አትሞክሩ፤ በባትሪ ሲሠራ ካርዱ ኃይሉን ይቀንሳል። በሙከራ መሃል መብራት ከጠፋ ያገኛችሁትን ቁጥር ተዉትና፣ ሲመጣ እንደገና ጀምሩ።