ዘጠኝ ጨዋታ፣ ዜሮ ጎል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባሕር ዳር ውስጥ የሰፈር ቡድን አጥቂ ነኝ። ስድስት ጨዋታ ጎል አላገባሁም። ጓደኞቼ «ታንኳ» ይሉኛል፣ ዝም ብሎ ይንሳፈፋል ለማለት። ልተወው?

መልስ፦ ታንኳ እኮ ጣናን ያቋርጣል! ዌልሳዊውን ኢያን ረሽን ታውቀዋለህ? ሊቨርፑል እ.ኤ.አ. በ1980 ከቼስተር በ300 ሺህ ፓውንድ ገዛው። በመጀመሪያው የውድድር ዘመን ዘጠኝ ጊዜ ተሰልፎ አንድም አላገባም። በኋላ ግን ለሊቨርፑል 346 ጎል አስቆጠረ። እስካሁን የክለቡ ሪከርድ ነው። ለዌልስ ደግሞ በ73 ጨዋታ 28 አገባ። የዓለም ዋንጫ ላይ ሳይጫወት መቅረቱ ግን እኔን ዛሬም ያንገበግበኛል። በልጅነቴ ጣና ዳር፣ ቪዲዮ ቤት ሳየው የገረመኝ ጎሉ አይደለም። ቡድኑ ኳስ ሲነጠቅ ወገቡን ይዞ አይቆምም፤ ተከላካዩን ያሳድዳል። አንተስ ያኔ ምን ታደርጋለህ? ጻፍልኝ።