ስለማይለቁ የጓሮ አረሞች፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ጓሯችሁን ስላስቸገረ አረም ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከደረሱኝ ጥያቄዎች ደጋግመው የመጡትን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰርዶውን በየጊዜው እቆፍራለሁ። ይባስ ብሎ በዛብኝ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያበዛው ቁፋሮው ነው። ሰርዶ ከአፈር በላይም በታችም እየተሳበ ይሄዳል፤ ከየአንጓው ሥር ያወጣል። ስለታም መቆፈሪያ ሲቆራርጠው እያንዳንዱ ቁራጭ ራሱን ችሎ ይበቅላል። ስለዚህ ባለ ጥርስ መቆፈሪያ ያዝ። አፈሩን ፈንቅለህ አላላው፣ ሥሩን ሳትበጥስ በእጅህ ሳበው። በጋ ላይ አድርገው። የነቀልከውን ፀሐይ ላይ አስጣው፣ ሲነካ እስኪሰባበር ይድረቅ። በክረምት ነቅለህ እዚያው ብትጥለው ይጸድቃል። በአንድ ዙር አያልቅምና ብቅ ያለውን ሳይረዝም ተከታትለህ ልቀመው።

ጥያቄ፦ እንግጫስ? ስነቅለው ቅጠሉ ብቻ ነው የሚመጣው።

መልስ፦ ከሥሩ ትንንሽ ጥቋቁር ፍሬዎች አሉት፤ የሚያበቅሉት እነሱ ናቸው። አፈሩ ርጥብ ሲሆን ጠለቅ አድርገሽ ቆፍሪና ፍሬዎቹን ልቀሚ። ጥላም አይወድም። ቦታው ላይ ቶሎ መሬት የሚሸፍን እንደ ስኳር ድንች ያለ ተክል ብትተክይ ይዳከማል።

ጥያቄ፦ ጨው ብነሰንስበትስ?

መልስ፦ በፍጹም። አፈሩን ያበላሻል፤ ጎመንህም አይበቅልም።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ ነኝ። ቅንጬ አረም ግቢያችንን ወረረው። ልጄ ሲነካው ቆዳው ያሳክከዋል። ለላም ቢሰጥ ይበላል?

መልስ፦ ለላም አትስጪ፤ ወተቱን ያመርረዋል። ልጅሽንም አርቂው። ቆዳን ያስቆጣል፣ አስም ያለበትንም ይጎዳል። እናንተ አካባቢ ደግሞ ከቆየ ብዙ ዘመኑ ነው። አንዱ ተክል ከ15,000 በላይ ዘር ሊሰጥ ይችላል፤ ከበቀለም በወር ገደማ ያብባል። ስለዚህ ነጭ አበባው ሳይታይ ቅደሚው። ዝናብ በጣለ ማግስት ከነሥሩ ይወጣል። ጓንት አድርጊ፣ እጅጌሽ ረጅም ይሁን፣ አፍንጫሽን ሸፍኚ። ያበበውን ግን ኮምፖስት ውስጥ እንዳትጨምሪ፤ ዘሩን መልሰሽ መደብሽ ላይ ትበትኚዋለሽ። ጎረቤቶችሽንም አስተባብሪ፤ ዘሩ በነፋስ፣ በጎርፍና በጫማ ስለሚመጣ ለብቻ አይቻልም።

ጥያቄ፦ ራውንድአፕ የሚባለውን የአረም ማጥፊያ መድኃኒት ረጭቼ ነበር፤ አረሙ ተመልሶ በቀለ።

መልስ፦ ምናልባት ታጭዶ ወይም በድርቅ ጠውልጎ ሳለ ረጭተኸው ይሆናል። መድኃኒቱ የሚገባው በለምለም ቅጠል ነው፤ ከዚያ ወደ ሥር ይወርዳል። ዝናብ በማይጥልበት ቀን፣ ነፋስ ሳይኖር ይረጫል። ከዚያ ቢያንስ አንድ ሳምንት አትቆፍረው። አትክልት ከነካ እሱንም ይገድላል። በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጥ ግን አትግዛ። ምን እንደሆነ አይታወቅም፣ ልጅ ውሃ መስሎት ሊጠጣው ይችላል። እኔ ለጓሮ ብዙም አልመክረውም።

ጥያቄ፦ የወፍ ቆሎ አጥራችን ሆኖ ነበር፤ አሁን ግቢውን ያዘው። ቆረጥነው፣ አቆጠቆጠ።

መልስ፦ ጉቶውን ከነሥሩ አውጡት። ፍሬውን ወፍ እየበላ ስለሚዘራው ከአጥሩ ሥር የሚወጡትን ችግኞች ትንሽ እያሉ ንቀሉ። ቅጠሉ ለከብት መርዝ ነው፣ የተቆረጠውን ቅርንጫፍ ፍየሎች ከሚደርሱበት አርቁት።