ከመንደራችን በላይ ያለው መሬት ተሰንጥቋል፤ ክረምት ሳይገባ ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ሲና አቅራቢያ ተራራ ሥር ነው። አምና ክረምቱ ሲወጣ ከመንደራችን በላይ ያለው ማሳ ተሰነጠቀ። ክንድ ያስገባል። ሽማግሌዎቹ «የእግዜር ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል» ይላሉ። ወጣቶቹ ደግሞ በደቦ እርከን እንሥራበት እያሉ ነው። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ወጣቶቹ መነሣታቸው ደስ ይላል፤ እርከኑን ግን እዚያ ቦታ ላይ ይተውት። እርከን ውሃ መሬት ውስጥ እንዲሰርግ ያደርጋል። ለጤነኛ ተዳፋት ጥሩ ነው። የተሰነጠቀ መሬት ላይ ግን የሰረገው ውሃ አፈሩን አክብዶ ሥሩን ያላላዋል፣ ያኔ ይንሸራተታል። እናንተ ማድረግ ያለባችሁ ውሃው እንዳይገባ መከልከል ነው። መጀመሪያ የወረዳውን ባለሙያ ጠርታችሁ ቦታውን አሳዩት። ከዚያ ከስንጥቁ በላይ፣ ገና ባልተነካው መሬት ላይ፣ ጎርፉን ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ ቆፍሩና ወደ ፈፋው ምሩት (የጎረቤት ማሳ ላይ እንዳይለቀቅ አደራ)። ስንጥቁንም በጭቃ አፈር ሞልታችሁ ጠቅጥቁት።

ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ችካል ትከሉና መሀሉን በገመድ ለኩ። ከሰፋ መሬቱ እየሄደ ነው። ዛፍና አጥር ሲያዘነብል፣ ምንጭ ያለወትሮው ሲደፈርስ ወይም አዲስ ቦታ ሲፈልቅ፣ የቤት በር አልዘጋ ሲል፣ እነዚህ ሁሉ ምልክት ናቸው። ደግሞ ዝናቡ ስላባራ አትዘናጉ። እዚያው እናንተ አካባቢ፣ ይዛባ ወይን ላይ፣ ብዙ ቤተሰብ ያፈናቀለው ናዳ የደረሰው በ1998 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው፤ መሬቱ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ጠጥቶ ከጠገበ በኋላ ማለት ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደማስበው ልምጣ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ ናዳ ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤቱ ሁሉ ሰው ለማውጣት እየሮጠ መጣ። እየቆፈሩ ሳለ ሁለተኛው ናዳ መጣባቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፣ ብዙዎቹ ለመርዳት የመጡ ነበሩ። ጎረቤቱ ጭቃ ውስጥ እያለ ማን ቆሞ ያያል? እኔም አልቆምም፣ እናንተም አትቆሙም። ስለዚህ ነገሩ አሁን፣ ሁሉም ሰው ረጋ ብሎ ማሰብ በሚችልበት ጊዜ መወሰን አለበት። እድራችሁን ግንቦት ላይ ሰብስቡና ተነጋገሩ። ስንጥቁን ማን ያያል? አቅመ ደካሞችንና ልጆችን ማን ያወጣል? ወዴት ነው የምንወጣው? ናዳ ከወረደ ደግሞ የሚቆፍረው ጥቂት ሰው ይሁን፣ ሌላ አንድ ሰው ከላይ ያለውን ተዳፋት ብቻ እያየ ይቁም፣ ሲንቀሳቀስ ይጩህ፣ የቀረው ሕዝብ ይራቅ።

ምልክቱም ይለይ። የእድር ጡሩንባ ሲነፋ ሰው ለቀብር ነው የሚዘጋጀው፣ አይሸሽም። በሰዓቱ ያልሆነ የቤተ ክርስቲያን ደወል ይሻላል፤ ካህናቱን አነጋግሩ። ደዋዩም ማንንም ሳያስፈቅድ ይደውል። በከንቱ ቢደወል አንድ ሌሊት እንቅልፍ ነው የሚጠፋው።

ስንጥቁ ሥር ያሉት ቤቶች ግን ደወል አይበቃቸውም። ክረምቱ እስኪያልፍ ሜዳው ላይ ካለ ዘመድ ዘንድ ይደሩ፣ ወይ እድሩ ዳስ ይጣልላቸው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። እናቴ ድሬዳዋ ደቻቱ ወንዝ ዳር ትኖራለች። አጥሯን በግንብ እንዳሠራላት ብር ልላክ?

መልስ፦ እህታችን፣ ብሩን ለቤት ኪራይ አድርጊው፣ ከወንዙ ራቅ ያለ ቦታ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የገደለው ሰው በተኛበት ነው፤ እንዲህ ያለውን ጎርፍ የግቢ አጥር አያቆመውም። ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ሰው ይዘናጋል፣ ዝናቡ ግን የሚጥለው ላይ ሐረርጌ ደጋ ላይ ነው፣ ከተማው ሳያካፋ ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። እናትሽ እስክትወጣ ድረስ ደጋው ላይ ያለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ፈልጊ፣ ከባድ ዝናብ ሲጥል ወዲያው ይደውልላት። እሷም ክረምት ላይ ስልኳን ሌሊት አትዝጋ፣ ከሰማች ደግሞ ዕቃ ሳትሰበስብ ትውጣ።