«ከፈቀደ» ማለት ምን ማለት ነው?
«በሽተኛው ራሱ ከፈቀደ ሐኪም እንዲሞት ቢረዳው ምን ችግር አለው?» ላልከው፣ ችግሩ ያለው እዚችው «ከፈቀደ» የምትለዋ ላይ ነው። ኔዘርላንድ በፈረንጆቹ 2002 ፈቅዳለች፤ ጥያቄው ከራሱ ከታማሚው መምጣት አለበት፣ ሌላ ሐኪምም አይቶ ያረጋግጣል። ጥሩ። የኛ አገር ሕግ ግን ወንጀል ነው ይላል። አያቴ መንዝ ታመው «ተዉኝ ልሙት» ማለት የጀመሩት አጎቴ ለማሳከሚያ በሬውን የሸጠ ዕለት ነው። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ፣ በቃ። ይሄ ፈቃድ ነው? እኔ ይሉኝታ ነው የምለው። ማስታገሻ ሲጀመርላቸው ቡና አፍሉልኝ አሉ (ያውም በረካውን ሳይጠጡ አልተኙም)። አእምሮው ሙሉ ሆኖ፣ ማስታገሻውም አልሠራ ብሎት የሚለምን ሰው ሲመጣ ግን እኔም ምላሴ ይያዛል።