ለጂኦካሺንግ የቱን ጂፒኤስ ልግዛ? ኪስ ለማይጎዳ ግዢ ጥያቄና መልስ

ጂኦካሺንግን ለማታውቁት በአጭሩ። አንድ ሰው ትንሽ ሳጥን መናፈሻ ወይም ጫካ ውስጥ ይደብቃል። የደበቀበትን ቦታ ኬክሮስና ኬንትሮስ ኢንተርኔት ላይ ያወጣል። ሌላው ጂፒኤስ ይዞ ይፈልጋል። ሲያገኛት ውስጧ ባለችው ወረቀት ላይ ስሙን ይጽፍና እዚያው መልሶ ደብቋት ይሄዳል። በቃ ይኸው ነው። እኔ የምጫወተው ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። የእጅ ጂፒኤስ ስለመግዛት የምትጠይቁኝ ስለበዛ ጥያቄዎቻችሁን ሰብስቤ መለስኳቸው። የምጠራው ዋጋ አሜሪካ ውስጥ ዕቃው አዲስ ሲወጣ የተተመነለት ነው። ቅናሽ ከተገኘ ከዚያ ይወርዳል። ዓመቶቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሁለት ልጆች አሉኝ። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከስክሪን ላርቃቸው ብዬ ነው። የግድ መግዛት አለብኝ? ስልኬ አይበቃም?

ይበቃል እህቴ። ለጊዜው ምንም አትግዢ። ሰማዩ ክፍት በሆነበት ቦታ ደህና ስልክ እስከ 5 ሜትር ገደማ ያደርስሻል። ርካሽ የእጅ ጂፒኤስም ከዚህ ብዙ አይሻልም። የጂኦካሺንግ ዶት ኮም አፕ በነፃ ይጫናል፤ አንዳንድ ሳጥኖችን ግን ለከፋይ አባላት ብቻ ነው የሚያሳየው። ስልክሽ አንድሮይድ ከሆነ ሲጂኦ የሚባል ነፃ አፕም አለ። እያንዳንዱ ሳጥን ከ1 እስከ 5 ሁለት ነጥብ ተሰጥቶታል፦ አንዱ ለማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ሌላው መንገዱ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ይናገራል። ከልጆች ጋር ስትጀምሪ ሁለቱም ከ1.5 ያልበለጡትን ምረጪ። አለበለዚያ ልጆቹ በመጀመሪያው ቀን ተሰላችተው "ቤት እንሂድ" ይሉሻል።

ከወደዱት "እኔ ልያዝ፣ እኔ ልያዝ" መባባል ይመጣል። የእጅ ጂፒኤስ የሚያዋጣው ያኔ ነው። ስልክሽን ጅረት ዳር ለሰባት ዓመት ልጅ ከመስጠት ያገለገለ ጂፒኤስ መስጠት ይሻላል። ላስቲክ ለብሷል፣ ቢወድቅ አይሰበርም ማለት ይቻላል። ጋርሚን የሚባለው ኩባንያ የሚሠራቸው ኢትሬክስ የሚባሉት ዓይነቶች 1 ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቀመጡም እንዲችሉ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። የስክሪኑን ነገር ግን እንግዲህ አንቺው ታውቂያለሽ።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። ያለኝ 150 ዶላር ነው፣ ከዚያ በላይ ሳንቲም የለኝም። የትኛውን ልግዛ?

በዚህ ገንዘብ ሁለት መንገድ አለህ።

አንደኛው አዲስ ኢትሬክስ ኤስኢ ነው። በ2023 ሲወጣ ዋጋው ልክ 150 ዶላር ነበር። ስክሪኑ ጥቁርና ነጭ ነው። ሁለት ተራ የባትሪ ድንጋይ ይጎርሳል፤ አምራቹ እንደሚለው በዚያ 168 ሰዓት ይሠራል። ኮምፓስ አለው። ከስልክህ ጋር ሲገናኝ የሳጥኖቹን መግለጫ በራሱ ያወርዳል። የጎደለው ካርታ ነው፤ መጫንም አይቻልም።

ሁለተኛው ያገለገለ ኢትሬክስ 22ኤክስ መፈለግ ነው። በ2019 ሲወጣ 200 ዶላር ነበር። ስክሪኑ ባለ ቀለም ነው። የመንገድና የእግር መንገድ ካርታ ተጭኖበት ነው የሚመጣው፤ ሚሞሪ ካርድ መክተቻም አለው። ባትሪው 25 ሰዓት ነው።

እኔን ከጠየቅከኝ 22ኤክሱን። ምክንያቱን ልንገርህ። ካርታ የሌለው ጂፒኤስ ቀስት ብቻ ነው የሚያሳይህ፤ ቀስት ደግሞ የሚያውቀው ቀጥታ መስመር ነው። "90 ሜትር ቀረህ" ይልሃል። ቁጥቋጦ እየጣስክ ትሄዳለህ፤ 40 ሜትር ላይ ጅረት ይገጥምሃል፤ ጅረቱ ደግሞ ዝናብ ጠጥቶ ሞልቷል። ድልድዩ ግማሽ ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ነው፤ ከመኪና ማቆሚያው ስትነሳ በግራ በኩል ነበር። ካርታ ያለው ሰው ይህን ገና ከመኪናው ሳይወርድ ያየዋል። ስልክህን ሁልጊዜ የምትይዝና ካርታውን በእሱ የምታይ ከሆነ ግን ኤስኢው ይበቃሃል፤ ለባትሪም ሐሳብ አይገባህም።

ገንዘቡ ከዚህም ካጠረ ያገለገለ ኢትሬክስ 10 አለ። የ2011 ነው። ካርታ አይጭንም፤ የሳጥኖቹን መግለጫና ፍንጭ የያዘ የጂፒኤክስ ፋይል ግን ይቀበላል። የተፈለገውም እሱ ነው። ባትሪውና ቀስቱ ከሠሩ አትናቀው።

አንድ ነገር ሒሳብህ ውስጥ አስገባ። ሳጥኖችን በአንድ ጊዜ በብዛት አውርዶ ወደ ጂፒኤስ ለመጫን በጂኦካሺንግ ዶት ኮም ላይ ከፋይ አባል መሆን ያስፈልጋል። ያኔ በአንድ ጥያቄ እስከ 1000 ሳጥን ድረስ ማውረድ ትችላለህ። ይህ በየዓመቱ የሚከፈል ነው፤ ከዕቃው ዋጋ ላይ አስቀድመህ ቀንስ።

ጥያቄ፦ 32ኤክስ ከ22ኤክስ በ100 ዶላር ይበልጣል። ልዩነቱ ምንድነው? ቅርጻቸው አንድ ነው።

ኮምፓሱና የአየር ግፊት ከፍታ መለኪያው ነው። ከፍታ መለኪያው ለዚህ ጨዋታ ብዙም አይጠቅምም። ኮምፓሱ ግን ይጠቅማል። ኮምፓስ የሌለው ጂፒኤስ ወዴት እንደዞርክ የሚያውቀው ስትራመድ ብቻ ነው። ቆመህ ስትዞር ቀስቱ ይደናበራል፤ የምትቆመው ደግሞ ሳጥኑ አጠገብ ስትደርስ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አሥር እርምጃ በደንብ ተራመድና ቀስቱን እየው። ለዚህ 100 ዶላር ልክፈል ካልክ የአንተ ፈንታ ነው፤ እኔ አልከፍልም።

ጥያቄ፦ ጋራዥ ሴል ላይ ቢጫ አሮጌ ኢትሬክስ በ20 ዶላር አየሁ። እንዳያልፈኝ ብዬ ነው፤ ልግዛው?

ያቺ በፈረንጅ 2000 የወጣችው ከሆነች ለመጫወቻ እንጂ ለዋና ዕቃ አትሆንም። ዛፍ ሥር ሳተላይት ትስታለች። ኬብሏ የድሮ ነው፤ ካልተገኘ እያንዳንዱን ቁጥር በእጅህ ማስገባት አለብህ። በዚያ ላይ ቀኑን ልትሳሳት ትችላለች። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ሳምንት ይቆጥራሉ፤ ቆጠራው 1024 ሳምንት ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። መጨረሻ የተመለሰው ኤፕሪል 2019 ስለነበር አሮጌ መሣሪያዎች ወደ ኋላ ሃያ ዓመት ገደማ ሊሄዱብህ ይችላሉ። ቦታውን ግን ብዙውን ጊዜ በትክክል ያሳያሉ።

ያገለገለ ዕቃ ስትገዛ፣ የትኛውም ይሁን፣ መጀመሪያ የባትሪውን ክዳን ክፈት። ስፕሪንጉ ላይ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ካለ ድንጋዩ ውስጡ ፈስሷል ማለት ነው። ዋጋውን አስቀንስ ወይም ተወው። ቀጥሎ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጫን፤ በተለይ እንደ ጆይስቲክ የምትንቀሳቀሰውን። ዙሪያውን ያለው ላስቲክ ከለቀቀ ግን አትደንግጥ፣ በሙጫ ይመለሳል። ሻጩ "ስታርባክስ ውስጥ እንገናኝ" ካለህ እሺ በል፤ ዕቃውን ግን ውጭ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ነው የምትሞክረው። ጣሪያ ሥር ሳተላይት አያገኝም። ረጅም ጊዜ ተዘግቶ ከቆየ ደግሞ የሳተላይቶቹን ሙሉ ዝርዝር ለመቀበል 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል። ሻጩ ካልቸኮለ ቡናችሁን ውጭ ጠጡ።

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት ነው ያለሁት። ክረምት ላይ ስልኬ 40 ፐርሰንት ሆኖ ሳለ ድርግም ይልብኛል። ጂፒኤስም እንዲሁ ነው?

ብርድ ሁሉንም ባትሪ ይጎዳል። ጥቅሙ ተራ ድንጋይ የሚጎርስ ጂፒኤስ ከያዝክ ሁለት መለዋወጫ በውስጥ ኪስህ ይዘህ መቀየር ትችላለህ። ለብርድ ሊቲየም ድንጋይ ይሻላል፤ ውድ ነው እንጂ። ለሌላው ጊዜ ቻርጅ የሚደረጉትን ግዛ። ግን ሜኑ ውስጥ ገብተህ የባትሪውን ዓይነት መቀየር አትርሳ። ቻርጅ የሚደረገው 1.2 ቮልት፣ ተራው 1.5 ቮልት ስለሆነ መሣሪያው ያልተነገረው እንደሆነ ሙሉውን ድንጋይ "አልቋል" ይልሃል። በጓንት ቁልፍ መጫን መቻሉም ቀላል ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ ቁጥሩን በትክክል አስገብቼ 40 ኪሎ ሜትር ርቆ ወሰደኝ! ጂፒኤሱ ተበላሽቶ ይሆን?

አልተበላሸም። ቅርጸቱ ነው። ጂኦካሺንግ የሚጠቀመው ዲግሪና ደቂቃ ከነአሥርዮሹ ነው። ለምሳሌ ኬክሮሱ 38 ዲግሪ ከ54.500 ደቂቃ ይላል እንበል። አንተ 38.54500 ብለህ በዲግሪ ብቻ ካስገባኸው ሌላ ቦታ ነው። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለሆነ 54.5ን ለ60 ታካፍላለህ፤ ትክክለኛው 38.90833 ነው። ልዩነቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ያንተም ታሪክ ይኸው ነው። ሴቲንግ ውስጥ የቦታ ቅርጸቱን ወደ ዲግሪና ደቂቃ መልሰው። ዳተሙም፣ ማለትም ቁጥሮቹ የሚለኩበት የምድር ሞዴል፣ ደብሊውጂኤስ 84 መሆኑን እይ። ያገለገለ ዕቃ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት ምን እንደነካካ አይታወቅም።

ጥያቄ፦ እንደ ጂፒኤስማፕ 65 ያለ ውድ ብገዛ ቶሎ ቶሎ አገኛለሁ?

ትንሽ ይረዳል። እሱ ከሳተላይቱ በሁለት ሞገድ ስለሚቀበል ገደል ሥርና ረጃጅም ሕንፃዎች መካከል የተሻለ ነው። 350 ዶላር ነው የወጣው። ነገር ግን ሳጥኑን የደበቀው ሰውም ቁጥሩን የወሰደው በራሱ ስልክ ወይም ጂፒኤስ ነው። እሱ 5 ሜትር ከሳተ ያንተ መሣሪያ ፍጹም ቢሆንም 5 ሜትር ያስትሃል።

ይህ ጨዋታ ራሱ የተወለደው ከስሕተት መቀነስ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚሄደውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለነበር እስከ 100 ሜትር ይሳሳት ነበር። ሜይ 2000 መጀመሪያ ላይ ማዛባቱ ቆመ። ወዲያው፣ ሜይ 3፣ ዴቭ አልመር የሚባል ሰው ኦሪገን ውስጥ ቢቨርክሪክ አካባቢ አንድ ጥቁር ባልዲ ደብቆ ቁጥሩን አወጣ። ዛሬ ርካሹ ጂፒኤስ እንኳ ያኔ ከነበረው እጅግ ይሻላል።

ስለዚህ 5 ሜትር ሲቀርህ መሣሪያውን ኪስህ ክተት። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን የሚያባርር ሰው እንደ ዶሮ መሬት ሲጭር ነው የሚውለው። ቀና ብለህ ተፈጥሮ እንደዚያ የማታስቀምጠውን ነገር ፈልግ። ከወደቀ ግንድ ሥር ቅርንጫፎች ሁሉም በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ቁመት ተደርድረው ካየህ የሰው እጅ ነው። ከተማ ውስጥ ከሆነ የመብራት ምሰሶ ግርጌ ላይ ያለውን የብረት ቀሚስ ከፍ አድርገህ እይ። የመንገድ ዳር ብረት ጀርባውን ዳብስ፤ ማግኔት ያላት የቁልፍ ሳጥን ተለጥፋ ታገኛለህ።

ጥያቄ፦ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ዓይኔም ደክሟል። ትንንሽ ጽሑፍ አይታየኝም። ለእኔ የሚሆን ይኖራል?

አለ ጋሼ። የኢትሬክሶቹ ስክሪን 2.2 ኢንች ስለሆነ ያስቸግርዎታል። ያገለገለ ጂፒኤስማፕ 64 ይፈልጉ፤ 2.6 ኢንች ነው፣ ቁልፎቹም ትልልቅ ናቸው። እነዚህ ስክሪኖች ፀሐይ ሲበረታ ይበልጥ ይጎላሉ እንጂ እንደ ስልክ አይጠፉም። መግለጫውን ከቤት ሳይወጡ በትልቅ ስክሪን አንብበው ፍንጩን በወረቀት ይያዙት። ለመንገዱም ከ2 ያልበለጠ ነጥብ ይምረጡ።

ጥያቄ፦ ስማርት ሰዓት ይሆናል?

ካለህ ተጠቀምበት። ለዚህ ብለህ ግን አትግዛ።

ጥያቄ፦ ለገና አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ጂፒኤሱን ብወስደው የኢትዮጵያ ካርታ ያሳያል?

አሜሪካ የተገዛ 22ኤክስ ዝርዝር ካርታው የሰሜን አሜሪካ ነው። ለኢትዮጵያ ሰዎች በጋራ በሚሠሩት ኦፕንስትሪትማፕ በተባለ የዓለም ካርታ ላይ ተመሥርቶ ለጋርሚን የተዘጋጀ ነፃ ካርታ አውርደህ ሚሞሪ ካርዱ ላይ ጫን። ለካርታ ገንዘብ አትክፈል። እዚያ ሄደህ ሳጥን መደበቅ ካሰብክ ግን ተወው፤ የደበቀ ሰው እየተመላለሰ መጠበቅ አለበት፣ ለእረፍት የሄደ እንግዳ ያን ማድረግ አይችልም። በሳተላይት መልእክት የሚልክ ዓይነት መሣሪያ ከሆነ ደግሞ ከመሄድህ በፊት ኤምባሲውን ጠይቅ። ጉምሩክ ላይ ደርሶ ከመከራከር ይሻላል።

ጥያቄ፦ ገዝቼ 20 ዶላር ተረፈኝ። ሌላ ምን ልያዝ?

ሁለት እስክሪብቶ፤ አንዱ ሁልጊዜ ይጠፋል። ፋይል የሚያስተላልፍ ኬብል፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርገው ጂፒኤሱን ከኮምፒዩተር ጋር አያገናኝልህም። ሳጥኑ ውስጥ ካለ ዕቃ ጋር ለመለዋወጥ የምትተዋት ትንሽ መጫወቻ፤ ምግብ ግን አይሆንም፣ እንስሳ ይጠራል። በቀረችው የመዥገር መከላከያ ስፕሬይ ግዛ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ መዥገር ላይም የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ሱሪህን ካልሲ ውስጥ ክተት። ቤት ስትገባ ከጉልበት ጀርባ፣ ብብት ሥርና ፀጉር ውስጥ አይተህ ነው ሻወር የምትገባው። ሦስት ሦስት ቅጠል ያላትን፣ ቆዳ የምታሳክከውን ፖይዘን አይቪ የተባለች ተክልም አትንካ፤ እሷ የበቀለችበት ሥር ሳጥን ቢኖር እንኳ ለሌላ ሰው ተውለት።