የማይታወቅ ሰው ዋስ

ልጆቼ፣

ሰኔ 2017 ላይ ነው። ሐዋሳ ፒያሳ አንድ ጁስ ቤት ቁጭ ብዬ ስፕሪሴን እጠጣለሁ። አጠገቤ ያላችሁት ልጆች ስልክ ላይ አፍጥጣችሁ ትከራከራላችሁ። ካምፓላ የተወለደው የ33 ዓመቱ ዞህራን ማምዳኒ፣ የኒውዮርክ ግዛት ገዥ የነበረውን አንድሪው ኩሞን በዲሞክራቲክ ፓርቲ የኒውዮርክ ከተማ ከንቲባ እጩዎች ምርጫ አሸንፎት ነበር። «ቲክቶክ ነው ያስመረጠው» አለ አንዳችሁ። ሌላው በሳቅ አጀበው። እኔ ዝም ብዬ ሂሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። ያኔ ያላልኩትን አሁን ልጻፈው።

ቲክቶኩ አልጎዳውም። ግን በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች በር እያንኳኩም ዞረውለታል። እኔን የሚገርመኝ ያ ማንኳኳት ነው። እንዴት እንደሚንኳኳ ደግሞ ትልቅ ልዩነት አለው።

አሜሪካ ውስጥ እጩውን የሚለዩት የፓርቲው አለቆች ብቻ አይደሉም። ደጋፊው ሕዝብ አስቀድሞ ድምፅ ይሰጥበታል። ስለዚህ አለቆቹ ያላሰቡት ሰውም ሊገባ ይችላል። ጂሚ ካርተር እንዲያ ነው የገቡት። አዎ፣ በ1997ቱ ምርጫ ታዛቢ ሆነው እኛ አገር የመጡት ሽማግሌ። እ.ኤ.አ. በ1976 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ፣ የጆርጂያ ግዛት ገዥ የነበሩ የኦቾሎኒ ገበሬ ከመሆናቸው ውጪ የሚያውቃቸው አልነበረም። «ጂሚ ማን?» እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር።

ታዲያ 90 ገደማ የጆርጂያ ሰዎች በገዛ ገንዘባቸው ተነስተው ኒው ሃምፕሻየር ግዛት ሄዱ። ወሩ ጥር ነው፤ በረዶ ነው። «የኦቾሎኒ ብርጌድ» ይባሉ ነበር። በር ያንኳኩና «እኛ የአገሩ ሰዎች ነን፣ እናውቀዋለን» ይላሉ። ካርተር የዚያን ግዛት የእጩዎች ምርጫ አሸነፉ፤ በዓመቱ መጨረሻ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ።

አሁን ሌላውን እዩ። የቨርሞንት ገዥ የነበረው ሐኪሙ ሃዋርድ ዲን እ.ኤ.አ. በ2003 ለፕሬዚዳንትነት ተነስቶ በኢንተርኔት ገንዘብም ደጋፊም ሲያግበሰብስ ዓለም ጉድ አለ። አዮዋ ግዛት ላይ የእጩዎች ምርጫው ሲቃረብ ከየግዛቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ብርቱካናማ ቆብ አድርገው ጎረፉለት። እ.ኤ.አ. ጥር 2004 ላይ ዲን በ18 በመቶ ሦስተኛ ወጣ።

የአዮዋን አሠራር ካላወቃችሁ ነገሩ አይገባችሁም። በዲሞክራቶቹ ዘንድ ያኔ ጎረቤት ከጎረቤት ትምህርት ቤት አዳራሽ ተሰብስቦ፣ በየእጩው ጥግ በጥግ ይቆም ነበር። በብዙው ቦታ ከተሰብሳቢው 15 በመቶ ያልሞላ ቡድን ይፈርሳል። ሰዎቹ ወደ ሌላ ጥግ ይለመናሉ። ያቺ ሰዓት የጎረቤት ሰዓት ናት። ከሌላ ግዛት የመጣ ባለቆብ ድምፅ የለውም። ዲንንም ቢሆን በቅርብ አያውቀውም። እ.ኤ.አ. በ2008 ኦባማ እዚያው አዮዋ ላይ 38 በመቶ አግኝቶ ሲያሸንፍ፣ የሚቀሰቅሱለት ወጣቶች ከየከተማው ሰው ጋር ወራት ኖረው ነበር።

እንግዲህ እኔ የሂሳብ ሰው ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በቁጠባና ብድር ማህበር ነው። የብድር ኮሚቴ ማመልከቻ ሲቀርብለት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዋሱ ማነው?» ብሎ ነው። ተበዳሪውን ባያውቀውም ዋሱን ካወቀው ብዕሩን ያነሳል። መራጭም እንደዚያው ይመስለኛል። የማያውቀውን ሰው ስታመጡበት የሚያየው እናንተን ነው።

ይህን የተማርኩት ተሸንፌ ነው። ከዓመታት በፊት በማህበራችን የቦርድ ምርጫ አንዲት የግምጃ ቤት ሠራተኛ ለማስገባት ተነሳን። ቦርዱ አያውቃትም፤ ማወቅም አይፈልግም። እኛ ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ አሞራ ገደል እየተገናኘን፣ ዓሣ እየበላን፣ እርስ በርሳችን እያሸነፍን ከረምን። ጠቅላላ ጉባኤው ዕለት ስሟ ሲጠራ ጭብጨባው ጣራ ሊያነሳ ነበር። እጅ ሲቆጠር 19። ካጨበጨበው ግማሹ አባልም አልነበረ ለካ!

ስንወጣ አንድ የሌሊት ጥበቃ በር ላይ ያዘኝ። «ጋሼ፣ ስለ ሴትዮዋ እኮ አልነገራችሁኝም» አለ። «የነገራችሁኝ ስለ ቦርዱ መጥፎነት ነው። እሱንማ አውቀዋለሁ።»

ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለ ሴትዮዋ የማውቀው ነገር ነበረኝ እኮ። አንድ ጊዜ ከግምጃ ቤቱ ሁለት ኩንታል ሲሚንቶ ጎደለ። ኦዲተር ሳይደርስባት ራሷ ጽፋ አመለከተች፤ ከደሞዟም ተቆረጠባት። ወረቀቱ ያለፈው በእኔ እጅ ነው። ያን ሁሉ ቅዳሜ ዓሣ ስበላ ይህችን አንድ ወሬ ለአንድ ሰው አላወራሁም።

በሚቀጥለው ምርጫ አሞራ ገደልን ተውነው። ሾፌሮቹን መናኸሪያ፣ ጽዳቶቹን ጠዋት ከሥራ ሲወጡ፣ ጥበቃዎቹን ማታ ፈረቃ ሲቀያየሩ አገኘናቸው። የባጃጁን ከኪሳችን ከፈልን። አቶቴ ድረስ ሄጄ የሲሚንቶውን ታሪክ ለሦስት ሰው ብቻ የነገርኩበት ምሽት አለ። ጉልበቴ እስካሁን ያስታውሰዋል። አንዷ ሴትዮ እስክጨርስ አዳምጣኝ «አንተስ ደሞዝህ ተቆርጦ ያውቃል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ብቻ ቡና አፈላችልኝ። ለጉባኤው ስትመጣ ሁለት ጎረቤቶቿን አስከትላ መጣች።

አሸነፍን። ጭብጨባውም ያን ያህል አልነበረም።

ዋስነት ግን በምርጫው ቀን አያበቃም፤ ይህን ማንም አይነግራችሁም። ሴትዮዋ ቦርድ በገባች በሦስተኛው ወር የአንድ ጎረቤቴን የብድር ማመልከቻ መለሰችው። ዋሱ አይበቃም ነው ምክንያቷ። ልክ ናት፤ ወረቀቱን አይቼዋለሁ። እሁድ ጠዋት ጎረቤቴ በሬን ደበደበው።

«ጋሼ፣ ያመጣሃት አንተ አይደለህ እንዴ?»

«እኔ ነኝ» አልኩና ወንበር አወጣሁለት።